«ኸየት መጣህ?» የተበላሸ አማርኛ አይደለም

ቲክቶክ ላይ ሰው ለማሳቅ ቀላሉ መንገድ ምን መሰላችሁ? ጋቢ ትከሻ ላይ ጣል፣ ዱላ በእጅ፣ ከዚያ «ከ»ውን ሁሉ «ኸ» እያሉ ማውራት ነው። «ኸየት መጣህ?» «ኸቤት።» አለቀ፤ ላይኩ ይጎርፋል። ኮሜንቱ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ «አማርኛውን ገደለው» የሚለው ብዙ ነው።

እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። ቀልድ አልጠላም፤ ቀልድ የሚጠላ ምኑን ወሎዬ ሆነ? «ተበላሸ» የምትለዋ ቃል ግን ታበሳጨኛለች፣ ምክንያቱም ሥራዋን አይቻለሁ። ከቦረና፣ ከሳይንት፣ ከከላላ፣ ከወግዲ ለትምህርት ትልቅ ከተማ ከገቡት ልጆች መካከል የመጀመሪያውን ሴሚስተር ክፍል ውስጥ አፋቸውን ሳይከፍቱ የሚጨርሱ አሉ። ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም። ለእረፍት ሲመለሱ ደግሞ ሁለት አማርኛ ይዘው ይመጣሉ፦ አንዱ ለእናታቸው፣ ሌላው የከተማ ጓደኛ ሲደውል።

እስቲ ተበላሸ የተባለውን ነገር ገልጠን እንየው። ሥነ ልሳን ከሚያስተምራቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ድምፅ እንዲሁ በዘፈቀደ እንደማይለወጥ ነው፤ ሥርዓት አለው። ግዕዙ «ቤትከ» ይላል፣ እኛ «ቤትህ» እንላለን። ግዕዙ «መጻእከ» ይላል፣ እኛ «መጣህ»። «ከ»ዋ የት ሄደች? ላልታ «ኸ» ሆነች፣ ቀጥላም «ህ»። ስለዚህ የከተማው ልጅ «ቤትህ» ባለ ቁጥር አያቴ «ኸቤት» ስትል የምትሄድበትን መንገድ ይሄዳል፤ እንዲያውም ከእሷ አልፎ ሄዷል። ፊደሉንም እዩት፦ «ኸ» ማለት «ከ» ሆኖ አናቱ ላይ ጭረት የተጨመረበት ነው። የድሮ ጸሐፊዎች ለውጡን ሰምተው ፊደል ሠሩለት። እኛ ሰምተን ሳቅንበት።

ለዚህ ዓይነቱ ልዩነት ያለን ቃል «ዘዬ» ነው። ብዙ ሰው ዘዬ ሲባል ገጠር የሚነገረው ይመስለዋል፣ የከተማው «ትክክለኛው ቋንቋ» ነው ብሎ። አይደለም። የአዲስ አበባውም ዘዬ ነው፤ ሬዲዮው፣ ማተሚያ ቤቱና ሚኒስቴሩ እዚያ ስለተተከሉ ብቻ ሁሉም የሚለካበት ሆነ። መናገሻው መቅደላ ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዜና አንባቢው እንደ እኛ ሰፈር ሰው ያወራ ነበር፣ ቲክቶክ ላይ የሚሳቅበትም ሌላ ሰው ይሆን ነበር። አምሳሉ አክሊሉና ሀብተ ማርያም ማርቆስ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ወሎ ዘዬ ብቻ ጥናት ጽፈው በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ አሳትመዋል። እንዲታረም አይደለም፤ እንዲታወቅ ነው።

ፈተና ላይ «ኸ» ብላችሁ ጻፉ እያልኩ አይደለም። ለማመልከቻ፣ ለዜና፣ ለመማሪያ መጽሐፍ ሁላችንም የምንግባባበት አንድ አጻጻፍ ያስፈልገናል። ግን የጋራ መሆን ሌላ፣ ትክክለኛ መሆን ሌላ።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ሰዎች ልቆንጥጥ። ሲሰደቡ «ንጹሑ አማርኛ እኛ ጋ ነው» ብለው የሚመልሱ አሉ። እውነት ነው፣ የጥንቱ ቤተ አምሓራ በእኛ አካባቢ ነበር፤ አማራ ሳይንት የሚለው ስም ዛሬም አለ። ግን ያንኑ ሰው አሳፍሩትና የአካባቢውን ስም በተራ ይንገራችሁ። ወረኢሉ። ለገሂዳ። ቱሉ አውሊያ። «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ወገን ነው፤ «ለገ» ወንዝ፤ «ቱሉ» ኮረብታ። «አውሊያ» ደግሞ ዐረብኛ ነው። ኦሮምኛና ዐረብኛ አንድ ስም ውስጥ ተጋብተው፣ በአማርኛ ተናጋሪ አፍ በየቀኑ ይጠራሉ። የእኛዋ መካነ ሰላም በበኩሏ ግዕዝ ናት። «ነ» ላይ ያለችው ትንሿ «ኧ» የእኛን «የ» ሥራ የምትሠራ ምዕላድ ናት፦ የሰላም ቦታ። ቤተ መንግሥትም እንዲሁ ነው። (ምዕላዷን ብትነጥቋት በዛሬው አማርኛ «መካን» ይቀራል፣ ያ ደግሞ ለከተማ ስም አይመከርም።) ታዲያ ንጹሑ የቱ ነው?

መበላለጥ ከሆነ የተፈለገው፣ «አብሽር»ን እዩ። ወሎ ውስጥ ሰው ሲከፋው የሚባል ነበር፤ አሁን ቦሌም ይባላል፣ ቴሌግራምም ላይ ይጻፋል። መነሻው ዐረብኛ ነው፦ «ደስ ይበልህ»። ለሴት «አብሽሪ»፣ ለብዙ «አብሽሩ» ስንል በአማርኛ ደንብ ያረባነው ይመስለናል፤ ዐረቦቹም ግን ልክ እንዲሁ ነው የሚሉት። ሁለቱ ቋንቋዎች ሴማዊ ዘመዳሞች ስለሆኑ ቅጥያው ከድሮው የጋራ ቤታቸው የመጣ ነው። ቃሉን ተዋስን፣ ማርቢያው ግን ቤታችን ነበር።

ሰሞኑን አያቴን በስልኬ እየቀዳሁ ነው። ቡና እያፈላች ታወራለች፣ እኔ ቆይቼ አዳምጣለሁ። «ከ» የምትልበትና «ኸ» የምትልበት ቦታ ይለያያል፤ ደንቡን ገና አልጨረስኩትም። አንድ ነገር ግን ለይቻለሁ፦ ድምፁ ሲጠብቅ አይለወጥም። ሲገርማት «ለካ!» ትላለች፣ «ካ»ው ጠብቆ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አዳመጥኩ፣ አንድ ጊዜም «ለኻ» አላለችም። ፊደል አልቆጠረችም፣ ሕጉን ግን አንዴም አልሳተችውም።