ይግባኝ ወደ ቴሌግራም

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማታ፣ የጸሎት ርዕስ በሚለጠፍበት የወጣቶች ኅብረታችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የባንክ ደረሰኝ ተለጠፈ። ከሥሩ ረጅም ጽሑፍ አለ። ሁለት ወንድሞች የስልክ ዕቃ አብረው ሊነግዱ ተስማምተው፣ አንደኛው 60 ሺህ ብር አውጥቶ ነበር። ንግዱ ከሰረ፤ ገንዘቡን የተቀበለው ወንድም «ዛሬ፣ ነገ» እያለ ወራት አለፉ። ጽሑፉ «ሌባ» በሚል ቃል ጀምሮ በጥቅስ ይጨርሳል። ተከሳሹም ዝም አላለም፤ በድምፅ ቀድቶ መለሰ። እስከ እኩለ ሌሊት ገሚሱ «እውነቱን ነው» ገሚሱ «ተዉ እንጂ» ሲል አመሸ። በማግስቱ ሁለቱም አንድ ዓይነት የመዘምራን ልብስ ለብሰው በአንድ መድረክ ላይ ዘመሩ። ሰኞ ዕለት ጌታን የማያውቅ የሥራ ባልደረባዬ ያንኑ ጽሑፍ በስልኩ አሳየኝና «ለካ እናንተም እንደኛው ናችሁ» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ወጣቶች ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንከር ብዬ ልጽፍ ነው። አንዳንዶቻችሁ ትቆጡ ይሆናል። ቀጥሎ አንዳንድ ሽማግሌዎችም ይቆጣሉ። እኔም ራሴ ከተወቃሾቹ አንዱ ነኝና እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ላይ አማኞች እርስ በርሳቸው ተካስሰው በማያምኑ ዳኞች ፊት መቆማቸውን ይነቅፋል። ይህን ክፍል ስናነብ በአእምሯችን የሚመጣው የዛሬው ፍርድ ቤት ነው። የቆሮንቶስ የፍርድ ወንበር ግን በገበያው አደባባይ መካከል ነበር፤ ፍርስራሹ ዛሬም ይታያል። ጳውሎስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ51 ገደማ በአካይያ አገረ ገዥ በጋልዮስ ፊት ተከስሶ ቀርቧል (ሐዋ. 18)። ክርክር የሕዝብ ትዕይንት ነበር። ንግግር አዋቂ ተቀጥሮ ባላንጣውን በሰው ፊት ያዋርዳል፤ ገንዘብና ዘመድ ያለው ያሸንፋል። እንግዲህ ወንድም ወንድሙን የሚጎትተው ወደዚህ አደባባይ ነበር።

የእኛ አደባባይ የት ነው? ብዙዎቻችን ፍርድ ቤት ሄደን አናውቅም፤ በዚህም «ቃሉን ጠብቀናል» ብለን እንጽናናለን። ነገር ግን ስክሪንሾት አንስተን፣ ስም ጠርተን፣ ለሦስት መቶ ሰው ከለቀቅን አደባባይ ወጥተናል። እንዲያውም ከቆሮንቶሱ የባሰ አደባባይ ነው። እዚያ ቢያንስ ሁለቱን ወገን የሚሰማ ዳኛ ተቀምጦ ነበር። እዚህ ሁሉም ፈራጅ ነው፣ ማንም መዝገቡን አይዘጋም፤ ፎርዋርድ የተደረገ ስም ደግሞ አይመለስም።

«ታዲያ ወዴት እንሂድ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያ ብሩን ያጣው ወንድም ደረሰኙን ከመለጠፉ ከሁለት ወር በፊት ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ለአምስት ደቂቃ ያህል ሰማሁትና «ጸልይበት» ብዬ ሸኘሁት። ጸሎት አስፈልጎት አልነበረም የመጣው፤ ሲጸልይ ነበር የከረመው። የሚፈልገው ሁለቱንም አስቀምጦ «ስንት ተሰጠ? ስንት ከሰረ? ስንት ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር። እኔ ያን ድካም ሸሸሁና መንፈሳዊ ቃል አለበስኩት።

ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የሚያሳፍራቸው በዚሁ ነው። በጥበባቸው ይመኩ ነበርና በወንድሞች መካከል መፍረድ የሚችል አንድ ጠቢብ እንኳ የላችሁም ወይ ይላቸዋል። ዝም በሉ አላለም፤ እርስ በርሳችሁ በጽድቅ ፍረዱ ማለቱ ነው። በኢየሩሳሌም የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለት ምግብ ክፍፍል ሲበደሉ፣ ሐዋርያት «አታጉረምርሙ» ብለው አላፏቸውም። መልካም ምስክርነት ያላቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው በጉዳዩ ላይ ሾሙ። ዘኬዎስም ይቅርታን ሲያገኝ የበደለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ። እኛ ግን ሒሳቡ ሳይነገር «ይቅር ለእግዚአብሔር» አስብለን፣ አስተቃቅፈን፣ ፎቶ አንስተን እንሸኛለን። ከዚያ ጠቡ በቴሌግራም ሲፈነዳ እንደነግጣለን።

ከዚህ የከፋም አለ። ምዕራፍ 6ን ያለ ምዕራፍ 5 አናንብብ። በምዕራፍ 5 ጳውሎስ የሚቆጣው ቤተ ክርስቲያን ከባድ የዝሙት ኃጢአትን በመካከሏ እያየች ዝም በማለቷ ነው። በምዕራፍ 6 የሚቆጣው በመቻል ወይም በቤት ውስጥ ሊያልቅ የሚገባውን የገንዘብ ጠብ አደባባይ በማውጣቷ ነው። እኛ ቆሮንቶሶችን ሆነናል፤ ሊፈረድበት የሚገባውን «ገበና እንሸፍን» ብለን እንሸፍናለን፣ ልንችለው የሚገባንን እንለጥፋለን።

በተለይ አንድ ነገር በግልጽ ይነገር። መበደልን መምረጥ ለምን አይሻላችሁም የሚለው የጳውሎስ ቃል፣ ሰው የራሱን መብት በፈቃዱ እንዲተው የቀረበ ግብዣ ነው። አገልጋይ የሌላውን አፍ የሚዘጋበት መሣሪያ አይደለም። አንዲት እህት ተደፍራ ወይም አንድ ሕፃን ተበድሎ ሳለ «አማኝ አማኝን አይከስም» የሚል ሰው ቃሉን እያጣመመ ነው። ይህ የወንድማማች ጠብ ሳይሆን ወንጀል ነው፤ ቦታውም ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ነው። ሮሜ 13 ባለ ሥልጣን ክፉ አድራጊን ለመቅጣት ከእግዚአብሔር የቆመ መሆኑን ያስተምራል፤ ጳውሎስም ራሱ ግፍ ሲቃረብበት ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ደግሞም ያው ምዕራፍ 6 የሚያበቃው ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑን በመናገር ነው። ቤተ መቅደስ ያረከሰን ሰው ለመሸሸግ ይህን ምዕራፍ መጥቀስ ምን ማለት ነው?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጌታ በማቴዎስ 18 መንገዱን ሰጥቶናል፤ መጀመሪያ ለብቻ፣ ካልሰማ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። በየኅብረታችን የሚታመኑ ሦስት ሰዎች ይመረጡ፤ ከእነርሱ መካከል ሴት ትኑር። ሁለቱንም ወገን ይስሙ፣ የወሰኑትን ይጻፉ፣ የመክፈያ ቀን ይቁረጡ። ከተከራካሪዎቹ የአንዱ ዘመድ የሆነ ከሸንጎው ይነሣ። አብራችሁ ስትነግዱም «ወንድሜ ነው» ብላችሁ ያለ ውል አትጀምሩ፤ በሁለት ምስክር ፊት የተጻፈ ወረቀት ፍቅርን አይቀንስም። ጳውሎስ የአናሲሞስን ዕዳ በእኔ ላይ ቁጠር ብሎ ለፊልሞና በገዛ እጁ ጽፏል። እኛም መክፈል ላቃተው ወንድም ተጋግዘን ብንከፍልለት ምን ይጎድልብናል?

የሁለቱ ወንድሞች ጉዳይ በመጨረሻ ሦስት ሰው ተቀምጦበት ታየ። አንድ ምሽት ብቻ ነው የፈጀው። ኪሳራው የጋራ ስለ ነበረ ለሁለት ተካፈሉት፤ የቀረው በየወሩ እየተከፈለ ነው። ጽሑፉም ከግሩፑ ተነሥቷል፤ በባልደረባዬ ስልክ ውስጥ ግን አሁንም አለ። ሁለቱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ እንደ ቀድሞው ግን አይደሉም። ያን ምሽት ከሁለት ወር በፊት ሰጥቻቸው ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ከመዝሙሩ በፊት ይህን ጠይቁ፦ በመካከላችን የተበደለ ሰው ቢኖር ዛሬ ማታ የማንን በር ያንኳኳል? ስሙን የምትጠሩት ሰው ከሌለ፣ ሳትበተኑ ምረጡ። ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።