ንጉሡን ማን አወረዳቸው?

ባለፈው ሴሚስተር በዜና አጻጻፍ ኮርስ መምህራችን የቤት ሥራ ሰጡን። «መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ያላችሁ ሪፖርተሮች ናችሁ እንበል፤ የንጉሡን መውረድ በአንድ ገጽ ዜና አድርጋችሁ አምጡ» አሉን። ቀላል መሰለኝ። መቼም ይህን ታሪክ የማያውቅ የለም። በአንድ ማታ ጨረስኩት። መግቢያዬ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዛሬ ከሥልጣን ወረዱ» የሚል ነበር። ወረቀቱ ሲመለስልኝ «ወረዱ» የሚለው ቃል በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት ከጎኑ «ማን አወረዳቸው? ለአንተስ ማን ነገረህ?» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ደርግ ነዋ!» አልኩ በሆዴ። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ደርግ ያልኩት ማንን ነው? በዚያን ዕለት ጠዋት በከተማው የነበረ ሪፖርተር ስንት ስም መጻፍ ይችል ነበር?

እስቲ የሆነውን እናስታውስ። ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ ከመቶ በላይ መኮንኖች፣ የበታች ሹሞችና ተራ ወታደሮች ሰኔ 1966 ዓ.ም. በአራተኛ ክፍለ ጦር ተሰበሰቡ። በክረምቱ የንጉሡን ሰዎች አንድ በአንድ ለቀሙ። መስከረም 2 ጠዋት ጥቂት መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው የማውረጃውን አዋጅ አነበቡላቸውና በትንሿ ቮልስዋገን ጭነው ወሰዷቸው። አዋጁ ንጉሡን ብቻ አይደለም ያወረደው። ፓርላማውን ዘጋ፣ የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አገደ፣ ሰልፍና የሥራ ማቆም አድማ ከለከለ። ንጉሥና ፓርላማ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ጠዋት! ለሕዝብ የታዩት ሊቀመንበር ጄኔራል አማን አንዶም ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ከደርጉ አባላት አልነበሩም። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 14፣ በቤታቸው ተገደሉ። በዚያው ሌሊት 60 ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከመጋረጃ ጀርባ የነበሩትን አብዛኞቹን ሕዝቡ በስም እንኳ አያውቃቸውም ነበር።

ይህን ሳነብ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የወደቀው የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ትዝ አለኝ። እሱ ከፓርላማው ጋር ተጣልቶ እ.ኤ.አ. በ1642 ጦርነት ገጠመ፣ ተሸነፈ፣ ተያዘ። ጥር 1649 ዌስትሚንስተር አዳራሽ ውስጥ፣ ሕዝብ እየተመለከተ ለፍርድ ቀረበ። ፍርዱ ንጹሕ ነበር እያልኩ አይደለም። ከወር በፊት ወታደሮች ምክር ቤቱ በር ላይ ቆመው የማይፈልጓቸውን አባላት አባርረዋል፤ ውጤቱም አስቀድሞ ያለቀለት ነገር ነው። ነገር ግን ንጉሡ ቆሞ «በምን ሥልጣን ነው የምትዳኙኝ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውም በጊዜው የዜና ወረቀቶች ታትሞ ለከተማው ተሸጠ። የሞት ፍርዱ ላይ ደግሞ 59 ሰዎች ስማቸውን ጽፈው ማኅተማቸውን አተሙ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የንጉሡ ልጅ ሲመለስ በዚያው ፊርማ እየታደኑ የተያዙ አሉ። ሞቶ የተቀበረውን ክሮምዌልን ሳይቀር አውጥተው ሰቀሉት።

የኛም ንጉሥ ከመሬት ወጥተዋል። ነሐሴ 1967 ዓ.ም. በሕመም ሞቱ ተባለ፤ አስከሬናቸው የት እንደደረሰ ሳይነገር 17 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. አጽማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ተገኘ። ቅድስት ሥላሴ የተቀበሩት ጥቅምት 1993 ነው። በግድያቸው ፍርድ ቤት ሰው ጥፋተኛ ያለው ደግሞ በ1999 ዓ.ም. በነመንግሥቱ ክስ። ሠላሳ ሁለት ዓመት! አሁን የገባኝ ይኼ ነው። የኔ ቅሬታ ንጉሡ መውረዳቸው ላይ አይደለም። ያወረዳቸው ሰው ስሙን ሳይጽፍ መሄዱ ላይ ነው። ስም የሌለው ነገር ላይ ጥያቄ የሚያነሳ ጋዜጠኛ ወዴት ይሄዳል? ማንን ያንኳኳል?

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «ለወሎ ሕዝብ ማን ፈረመለት?» አለ። እውነቱን ነው። ረሃቡን በመንግሥት እጅ የነበሩት ጋዜጦች ለረጅም ጊዜ በዝምታ አልፈውታል። በ1965 የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎ ሄደው ያመጡትን ፎቶ ስድስት ኪሎ ላይ ቢያሳዩም ነገሩ ታፈነ፤ ንጉሡ ራሳቸው ለትምህርት ብለው በሰጡት ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ! ለዓለም ያሳየው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነው። ያንኑ ፊልም ደርግ መስከረም 1 ማታ በቴሌቪዥን አሳየው፤ በመካከሉ የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ እየተሰካበት። ረሃቡ እውነት ነው፣ ግብዣውም እውነት ነው። መቀሱን የያዘው ሰው ስም ግን የለም። እኛ የኤዲቲንግ ክፍል ገብተን ምስል ከምስል ስናጋጥም ይህ ቢታወሰን አይከፋም። ጓደኛዬ አሁንም አልተስማማም። የተራበ ሰው ፊርማ አይጠይቅም ይላል። ይበል።

ቤታችን ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። ዜናውን እንደገና ከመጻፌ በፊት አያቴን ልጠይቅ አልኩ። ያኔ የ17 ዓመት ልጅ ሆነው ሽመና ይለማመዱ ነበር።

«አባባ፣ ንጉሡ መውረዳቸውን ማን ነገረዎት?»

«ሬዲዮ ነዋ። ጠጅ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ይሰማ ነበር። እኔም መወርወሪያዬን እንደያዝኩ ወጣሁ።»

«ሬዲዮው ላይ ማን ነኝ አለ?»

ትንሽ አሰቡ። «ሬዲዮ ምን ስም አለው ልጄ? አለ፣ ሰማን፣ ወደ ሥራችን ገባን።»

«አልጠየቃችሁም?»

«ማንን?»

እንዳሉኝ ጽፌ ወረቀቱን መለስኩ። ከ10 ሰባት አገኘሁ። ከታች በቀይ «ጥሩ ነው፤ የአያትህን ሙሉ ስም ጻፍ» የሚል አለበት።