ማጥፋትና መንቀል

ከገዳሪፍ ወደ ወድ መደኒ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ፋው፥ በ1977 ዓ.ም. ከረኃብና ከጦርነት የሸሹ ብዙ ወገኖቻችን የተጠለሉባት ስፍራ ናት። በዚያ ዘመን የስደተኛው ስም የሚመዘገበው በወረቀት ላይ ነበረ። ዛሬ እንዲህ ባለ ስፍራ የስሙን መዝገብና የተማሪውን መጽሐፍ መዳፍ በምታህል ኮምፒውተር ውስጥ ማኖር ይቻላል። ከዚህ ዐይነት ኮምፒውተሮች ይልቁንም የታወቀው ራስፕቤሪ ፓይ ሲሆን፥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠው በየካቲት 2004 ዓ.ም. ነው። ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ቢጫንበት ኢንተርኔት በሌለበትም ዊኪፔዲያን ያስነብባል።

አማርኛ የሚማሩ ባለሥልጣኖች እዚህ ላይ ሁለት ግሶችን እንዲለዩ ያስፈልጋል። ማጥፋት ማለት ኮምፒውተሩ ሥራውን ፈጽሞ እንዲያርፍ ማዘዝ ነው፤ መንቀል ግን ገመዱን ከኃይሉ መለየት ነው። ማጥፋት ይቀድማል፥ መንቀል ይከተላል። ቋንቋችን ተንኰለኛ ነውና መብራት ያጠፋውንም ሰነድ ያጠፋውንም በአንድ ግስ ይጠራቸዋል። ሳያጠፋ የነቀለ ሰው ግን ሰነዱን ሊያጠፋ ይችላል። ምክንያቱም ኮምፒውተሩ በትንሿ የማስታወሻ ካርድ ላይ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ቢቋረጥበት፥ ጽሑፉ ይበላሻል፤ አንዳንድ ጊዜም ማሽኑ ዳግመኛ አይነሣም። ስለዚህ ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን እስክታቆም መታገሥ ይገባል። ቀዩዋ መብራት ብትቀር አያስደንግጥ፤ እርሷ የምትናገረው ኃይል መኖሩን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር የኃይሉ መጠን ነው። አራተኛው ራስፕቤሪ ፓይ 5.1 ቮልትና 3 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ይፈልጋል። ብዙ ሰው በእጁ ያገኘውን የስልክ ቻርጀር ይሰካና ማሽኑን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የቻርጀሩ ወይም የቀጭኑ ገመድ ነው። ገመዱ የ0.2 ኦም መቃወም ቢኖረው፥ 3 አምፔር ሲያልፍበት 0.6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ለማሽኑ የሚደርሰውም 4.5 ቮልት ብቻ ይሆናል። ከ4.63 ቮልት ገደማ በታች ሲሆን የመብረቅ ምልክት በማሳያው ላይ ይወጣል፤ ይህን ምልክት ንቆ ማለፍ አይገባም። ኃይሉ ከፀሐይ የሚገኝ እንደ ሆነም፥ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ከ14 ቮልት በላይ ስለሚደርስ፥ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ መሣሪያ ሳይኖር በቀጥታ ማገናኘት ማሽኑን ማቃጠል ነው።

የፋው ሙቀት ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ዝናብ ከመግባቱ በፊት በዚያ አገር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የማሽኑ ልብ 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል። ስለዚህ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከፍ ብሎ ከሚሰቀል ይልቅ፥ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ይሻላል። አቧራ እንዳይገባበት ተብሎ በጨርቅ የሚጠቀለልበትም አለ፤ ይህ ሕፃን በበጋ በጋቢ እንደ መሸፈን ነው። አየር የሚያስገባ ማቀፊያ ይበቃዋል።

ሰሌዳው በሁለቱ ጠርዞች ይያዝ፤ በብረት ጠረጴዛ ላይም ራቁቱን አይቀመጥ። በደረቅ ወራት በሰው ገላ ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ስለሚጎዳው፥ አስቀድሞ መሬት የነካ ብረት መዳሰስ ነው። በጠርዙ ከተሰለፉት እሾሆች የሥራ ምልክት የሚቀበሉት 3.3 ቮልት እንጂ 5 ቮልት አይችሉም፤ ሽቦም የሚሰካባቸው ማሽኑ ጠፍቶ ከተነቀለ በኋላ ነው።

የስም መዝገብ ያለበት ካርድ እንደ ሆነ ግን፥ ይህ ሁሉ ተጠብቆም ቢሆን፥ ግልባጩ በሌላ ካርድ ተጽፎ በሌላ ቤት ይቀመጥ።