ቀይ ተራራ ሐሰት አይደለም

«በረሃ እንዲህ ቀይና ቢጫ ሆኖ የታየው የት ነው? ይህስ የባሕር ማዶ ፈሊጥ ነው» የሚል ነቀፋ በየሥዕል ትርኢቱ ደጋግመን ሰምተናል። ነቀፋው ከአገር ፍቅር የተነሣ ቢሆንም ስሕተት ነውና ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

ነቃፊዎቻችንን አስቀድመን ወደ ሐረር እንጋብዛለን። በጀጎል ግንብ ውስጥ ካሉት ነባር ቤቶች ወደ አንዱ ቢገቡ፥ መደቡ በቀይ አፈር ተቀብቶ፥ ግድግዳው በኅብረ ቀለም ስፌት ተሸልሞ ያገኙታል። ያም ቀይ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው እየተባለ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። ታዲያ ሐዘንን በቀለም መናገር ያስተማረን የትኛው ባዕድ ነው?

ከኤረር በር ወጥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወርድም ሌላ ምስክር ያገኛል። ከባቢሌ ማዶ በዳካታ ሸለቆ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ ቆሟል። በቀትር የገረጣው ዓለት ጀንበር ስታዘቀዝቅ እንደ ፍም ይቀላል። ቆላውን በቀትር ብቻ ያየ ሰው የቀኑን እኩሌታ እንኳ አላየም። ከዚህም በላይ፥ የድንጋዩን መልክ መቅዳት ለካሜራ ይበቃል፤ የውኃውን ጥምና የጸጥታውን ክብደት በቀለም መግለጥ ግን የሠዓሊው ድርሻ ነው።

የሐረር ተወላጅ የሆነው ገብረ ክርስቶስ ደስታ የብራና ሥዕል አዋቂ ልጅ ነበረ። በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ ሥራዎቹን ሲያሳይ ይኸው «የኛ አይደለም» የሚል ነቀፋ ደረሰበት። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ፤ በ1981 በስደት ሳለ በአሜሪካ ዐረፈ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል። የነቃፊዎቹን ስም ግን ማን ያስታውሳል?

ይህን ስንል ቀለም ስለ ጮኸ ብቻ ሥዕል ይሆናል ማለታችን አይደለም። አገሩን ሳያውቅ ቀይ የሚያፈስስ ሠዓሊ፥ በሩንና ጅቡን ለእንግዳ መሸጫ እየደጋገመ ከሚሥለው አይሻልም። ሁለቱም አላዩምና።

ስለዚህ ሹማምንትን የምንለምነው የሥዕል ተማሪዎች ወደ ቆላው ወርደው፥ ከንጋት እስከ ምሽት ተቀምጠው የሚሥሉበትን መንገድ እንዲያመቻቹ ነው። መምህራንም ተማሪው ተራራውን ቀይ አድርጎ ቢሥል፥ «ተሳስተሃል» ከማለታቸው በፊት «ምን አየህ? ምንስ ተሰማህ?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ካለው ቀለሙ እውነት ነው።