ስካነሩ ከጨርቁ ስር ይውጣ

በትምህርት መርጃ ማዕከላችን ጥግ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠውን ስካነር አብዛኞቻችን በመልኩ እናውቀዋለን፤ በሥራው ግን አናውቀውም። የሚነሣው ለጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ብቻ ነው። ለምን ሲባል «ሰልጣኞች ያበላሹታል» ይባላል። ይህን አባባል አንቀበለውም።

እስቲ መደርደሪያውን እንመልከት። ቀደምት መምህራን በስቴንስል ያባዟቸው ጽሑፎች ቀለማቸው እየገረጣ ነው። በእጅ የተሳሉት የሥነ ሕይወት ሥዕሎች ጠርዛቸው ተበልቷል። እኛስ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ምን እናደርጋለን? በሞባይል ቀጭ! ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ ጠማማ፣ የአንዱ አውራ ጣት ደግሞ ሥዕሉ ላይ። ይኸው ፎቶ በቴሌግራም ሲተላለፍ ተጨምቆ ጭራሹን ይደበዝዛል። የእኛ ፊደል እንደሆነ «ቡ» ከ«ቢ» የሚለየው በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው፤ ቅጥያዋ ከጠፋች መምህሩ ተማሪ ፊት ቆሞ መገመት ሊጀምር ነው።

አሠራሩ እንደሚወራው አያስፈራም። በብዙ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች «ፋክስ ኤንድ ስካን» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገኛል። ወረቀቱን በፊቱ መስተዋቱ ላይ ማስተኛት፣ ክዳኑን መዝጋት፣ አስቀድሞ ማየት፣ ጠርዙን ማስተካከል፣ ከዚያ ስካን። በቃ! ስቴፕለር ሽቦ ካልተነቀለ ግን መስተዋቱን ይጭራል፤ ይህን አንደብቅም።

ቁም ነገሩ ልኩን ማወቅ ነው። ለተራ ጽሑፍ በኢንች 300 ነጥብ ይበቃል፤ አንድ ኤ4 ገጽ በዚህ ልክ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል። ወደ 600 ከፍ ሲል የነጥቡ ብዛት አራት እጥፍ ስለሚሆን ፋይሉም ያብጣል፤ ይህ ለረቂቅ ሥዕል እንጂ ለሁሉም አያስፈልግም። የእርሳስ ሥዕል «ጥቁርና ነጭ» በሚለው ከተነሣ ስሱ ጥላ ሁሉ ይጠፋልና «ግራጫ» የሚለው ይመረጥ። ለማስቀመጫም ጄፔግ ቦታ ይቆጥባል፤ ለዋናው ቅጂ ግን ቲፍ ይሻላል፣ ከምስሉ የሚቀንሰው የለምና። ብዙ ገጽ በአንድ ፒዲኤፍ ለመጠረዝ ይህ ፕሮግራም አይሆንም፤ ናፕስ 2 የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራዋል።

አገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብራና ማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። (የገበያ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ስካን አድርጎ ማሠራጨት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 አለ።)

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤውን ጠዋት ይጨርስና ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለእኛ ይልቀቅልን። ሁለት ተረኛ ሰልጣኞች ይመደቡ፤ አንዱ ይሥራ፣ አንዱ ይመዝግብ። ስካን የተደረገው ወረቀትም ወደ ቦታው ይመለስ፤ «አሁን ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል» ተብሎ የሚጣል ነገር አይኑር። ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን የማዕከሉ ኃላፊ ይወስኑ። እኛ የምንጀምርበትን መርጠናል፤ ከስቴንስሎቹ።