ስኳሩን በማር መተካት ስኳርን መተው አይደለም



ድሬዳዋ ውስጥ ግንቦትና ሰኔን ላሳለፈ ሰው ስለ ሙቀት መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ከቀትር በኋላ መንገዱ ጭር ይላል፤ ልጆች ግን ሳንቲማቸውን ጨብጠው በፕላስቲክ የተቋጠረ የቀዘቀዘ ጁስ ፍለጋ ይሮጣሉ። ብዙ እናቶችም «ከመንገዱ የቤቱ ይሻላል» ብለው አይስክሬሙን ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። የዛሬው ጽሑፌ በዚህ መልካም ሐሳብ ውስጥ ተደብቆ ስለሚገባ አንድ ስሕተት ነው።

ባለፈው ዓመት በሙቀቱ ወቅት የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። ቁርስ ሳይበሉ ተለክተው የደም ስኳራቸው 280 ደርሶ ነበር። መድኃኒታቸውን አላቋረጡም። «እናቴ፣ ሰሞኑን ምን ይመገባሉ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ስኳር ከቤቴ ካስወጣሁ ሰነበትኩ። ልጆቼ የሚሠሩልኝ አይስክሬም እንኳ በማርና በተምር ነው» አሉኝ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በትልቅ ብርጭቆ ይበሉ ነበር። እኒህ እናት ግዴለሽ አልነበሩም፤ የተጠነቀቁ መስሏቸው ነው። ጥፋቱ የእኔም ነው። ለሦስት ዓመት መድኃኒት ስሰጣቸው ስለ ማሩ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ማርና ተምር

ማር ሺፋ እንዳለው በሱረቱ ነሕል ተነግሮናል፤ ተምርም በቤታችን የተከበረ ፍሬ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን መድኃኒትም ቢሆን መጠን አለው። ፈውስ ነው ማለት ያለ ልክ ይበላል ማለት አይደለም።

ቁጥሩን እንመልከት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይህም ከአራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በላይ ነው። ማር ከባድ ስለሆነ በማንኪያ ሲለካ ከስኳሩ ይበልጣል እንጂ አያንስም። አንድ ትልቅ የመጅዱል ተምር ደግሞ 16 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል። አምስቱን ፈጭተን ከወተት ጋር ብናቀዘቅዝ ሃያ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨመርን ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በምግብ ላይ የሚጨመር ስኳር ለአንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን መክሯል። ማርና የፍራፍሬ ጭማቂም ከዚሁ ሒሳብ ይገባሉ።

«ታዲያ ጣፋጩን ክኒን ብንጠቀምስ?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ይኸው ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ክብደት ለመቀነስ ብሎ እነዚህን ማጣፈጫዎች መጠቀም እንደማይመከር ገልጿል፤ ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። የስኳር ሕመምተኛ በልኩ ቢጠቀምበት አልከለክልም። የእኔ አስተያየት ግን ክኒኑም ቢሆን ምላሳችንን ከጣፋጭ ልማዱ አያላቅቀውም የሚል ነው። ማስተማር ያለብን ምላሳችንን ነው።

ቅዝቃዜ ምላስን ያታልላል

የቀለጠ አይስክሬም ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? እጅግ ይጣፍጣል። በረዶ ሳለ ግን እንዲያ አልነበረም። ምላስ ሲቀዘቅዝ ጣፋጭነትን የመለየት ኃይሉ ይቀንሳልና ነው። አይስክሬም የሚሠሩ ሰዎች ስኳር የሚያበዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ስኳር ቅዝቃዜው እንደ ድንጋይ እንዳይጠጥር ስለሚያደርግ ነው። እኛ ስኳሩን ስንተው ይጠጥርብናል። መላው ቀላል ነው፤ ከመብላታችን አሥር ደቂቃ ቀደም ብለን ከፍሪዘር ማውጣት።

እንዴት እናዘጋጀው?

አንደኛ፣ ሙዝ በእርጎ፦ ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ፣ በደንብ የበሰለ ሦስት ሙዝ በሹካ ፍጩ። አንድ ብርጭቆ እርጎና ትንሽ የተፈጨ ሄል ጨምሩበት። ፍሪዘር ውስጥ አስገብታችሁ በየግማሽ ሰዓቱ ሦስት ጊዜ ያህል በሹካ አማስሉት፤ በረዶው ይሰባበርና ይለሰልሳል። ጁስ መፍጫ የግድ አያስፈልግም። ይህ ለአራት ሰው ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ከርከዴ በሎሚ፦ አንድ እፍኝ ከርከዴ በአንድ ሊትር ውኃ አፍልታችሁ አጥልሉ። ሲበርድ የሎሚ ጭማቂና ጥቂት የናና ቅጠል ጨምራችሁ በትንንሽ ስኒ፣ መያዣ ስንጥር እያቆማችሁ አቀዝቅዙት። በመጀመሪያው ቀን ልጆች ፊታቸውን ያጨማድዱ ይሆናል፤ ጥቂት የሐብሐብ ቁራጭ ጣል ብታደርጉበት ይወዱታል።

ማንጎም ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ስኒ የተከተፈ ማንጎ 22 ግራም ያህል የራሱ ስኳር ስላለው የስኳር ሕመምተኛ ግማሽ ስኒ ይብቃው። አቮካዶ ስኳሩ እጅግ ጥቂት ነው፤ ቅባቱ ግን ብዙ ስለሆነ ክብደት የሚቀንስ ሰው ይመጥነው።

ውኃውን አፍሉት፤ ወተቱም ጥሬ ከሆነ ይፍላ፤ እርጎውም ከፈላ ወተት የተሠራ ይሁን። ቅዝቃዜ ተሕዋስያንን ያስተኛቸዋል እንጂ አብዛኞቹን አይገድላቸውም።

በቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ካለ

ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል እንጂ በረዶ መሆን የለበትም። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን መልኩ ባይለወጥም ይጣላል። ስለዚህ አይስክሬሙ ቶሎ እንዲጠጥር ብላችሁ የፍሪጁን ቅዝቃዜ ስትጨምሩ፣ ኢንሱሊኑ ከፍሪዘሩ ሥር አለመሆኑን እዩ። በፍሪጁ መዝጊያ ላይ ወይም በታችኛው መደርደሪያ ይሁን።

ደግሞም ስኳርን ጨርሶ ከቤት አታስወጡ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው የደም ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ግራ ይጋባል። በሙቀት ወር ላቡን «ሙቀቱ ነው» ብለን ችላ እንዳንለው እሰጋለሁ። በዚያ ሰዓት አይስክሬም አይደለም የሚሰጠው፤ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለታመመው ሰው ለብቻው አትሥሩለት። ሌላው የጣፈጠውን ሲበላ እርሱ ጥግ ይዞ የራሱን ስኒ እንዲልስ አታድርጉት። ሁላችሁም ያንኑ ብሉ፤ ለጤነኛውም ይበጀዋል። እኒያ እናት ዛሬ ከርከዴያቸውን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተሻምተው እንደሚበሉ ነግረውኛል። እኔም ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ስሰጥ «ማርስ?» ብዬ ሳልጠይቅ አልሰጥም። እናንተም በቤታችሁ ጠይቁ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።