“በአንዳንድ ቦታዎች” የሚል ትንበያ ለእኛ ምን ያደርግልናል?

“ነገ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በአንዳንድ ቦታዎች ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይኖራል።” ወዳጆቼ፣ በሐምሌ ይህንንማ የሆሳዕና ሊስትሮም ይነግረናል!

ተአምር አልጠየቅሁም። ጠዋት ፀሐይ ተዳፋቱን ታሞቃለች፤ እርጥቡ አየር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን አምበሪቾን ተከትሎ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ተቆልሎ ይወርዳል። አንዱን ሸንተረር ደብድቦ ጎረቤቱን ሳይነካ ያልፋል። የትኛውን እንደሚመታ ከአንድ ቀን በፊት የአውሮፓም ባለሙያ በእርግጠኝነት አይነግርህም።

ደመናው ከተነሣ በኋላ ግን ሰበብ የለም። ሜቴዎሳት ሳተላይት አፍሪካን በየጥቂት ደቂቃው ያነሣል። የሎተሪ መልእክት የሚገባበት ስልካችን ላይ “በሚቀጥለው አንድ ሰዓት ተጠንቀቁ” የሚል በሀዲይሳና በከምባቲሳ ይግባ! ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዞኖቻችንም ይስሙ።

እስከዚያው ተማሪዎቼ፣ ብልጭ ሲል መቁጠር ጀምሩ። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 30 ሳይሞላ ካጉረመረመ ከባሕር ዛፍ ስር ውጡ፤ ደህና ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ።

“የእግዜር ቁጣ ነው” እያሉ ዛፍ ስር መቆም እምነት አይደለም። ለገጠር ቤተሰቦቻችሁ ደውላችሁ ንገሩልኝ።